ከልጆች አፍ የሚጻፍ ደብተር

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል አስተምራለሁ። ዜሮ ክፍል ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት፣ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው፣ አንድ ዓመት የሚቆዩበት ክፍል ነው። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተስፋፍቷል። የግል አጸደ ሕፃናት ለመክፈል አቅም የሌለው ወላጅም ልጁን አምኖ የሚሰጠው ለዚሁ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው በዚህ ክፍል ለምትሠሩና ዘንድሮ ለምትገቡ መምህራን ነው። የምናገረውም ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆችን ስለ መስማትና የሰሙትን ስለ መጻፍ። ኮሌጅ የተማርኩት ዘዴ ጠቅሞኛል፣ የመምህሩ መምሪያም ጠቅሞኛል። ነገ ጠዋት ከእነዚህ ልጆች ጋር ከየት ልጀምር ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የማገኘው ልጆቹ የተናገሩትን ከምጽፍበት ደብተር ነው።

የዚህን ነገር ጥቅም አምኜ የተቀበልኩት በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። ሰሌዳ ላይ ሁለት ሲደመር ሦስት ተጽፎ ስንት ነው ስትባል አንገቷን ደፍታ የሹራቧን ጫፍ ታፍተለትላለች። የወላጅ መገናኛ ደብተሯ ላይ «በሒሳብ ድጋፍ ያስፈልጋታል» ተብሎ ሊጻፍ ምንም አልቀረውም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ግን ባሕር ዛፉ ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ አንጥፋ፣ ጠጠሮቹን አምስት አምስት አድርጋ ደርድራ፣ ጉሊት ተቀምጣለች። ሁለት ልጆች ሊገዟት መጡ። ግንቡን ተደግፌ የሰማሁትን እንዳለ ጻፍኩት።

«መደቡ ስንት ነው?»

«ሃያ።»

«ሁለት መደብ ስጪኝ።»

«አርባ አምጪ።»

ገዢዋ ቅጠል ዘረጋችላት። «ሃምሳ ነው ያለኝ።»

«አሥር መልስሽ፤ እንኪ።» ትንሽ ቅጠል ሰጠቻት።

«መርቂልኝ እንጂ!»

«አምስትና አምስት አሥር ነው። ይኸው ምራቂ። አሥራ አንድ ሆነልሽ። ሒድ አንተ ደግሞ ወረፋህን ጠብቅ!»

የመጨረሻውን የተናገረችው ከጎን ለሚገፋት ልጅ ነው፤ በሙሉ ድምፅዋ። ማታ ቤቴ ገብቼ ገጹን ደግሜ ሳነበው፣ አንድ ሰው ስለዚህች ልጅ የሒሳብ ዕውቀት ቢጠይቀኝ የምመልሰው በሙሉ እዚያ ላይ ነበር። አምስት አምስት እያደረገች ትመድባለች። ሁለት ሃያ አርባ መሆኑን ሳትቆጥር ታውቃለች። ከሃምሳ ላይ አርባ ቀንሳ መልስ ትሰጣለች። ምራቂው በዋጋው ውስጥ እንደማይገባ፣ በብዛቱ ላይ ግን እንደሚጨመር ለይታለች። ያልተዋወቀችው ከመደመር ምልክቱ ጋር ነው። ስለዚህ በማግስቱ የተሳለ ሽንኩርት በመደብ በመደብ አድርጌ ሰሌዳ ላይ አስቀመጥኩና በሁለቱ መደቦች መካከል የመደመር ምልክቱን ጻፍኩ። «ይህ ምልክት ሁለቱን መደብ በአንድ ከረጢት ክተቺልኝ ማለት ነው» አልኩ። እጇን አላወጣችም። ከንፈሯ ግን ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መልሱንም ለጎረቤቷ ነገረቻት። ለእኔ ያ ይበቃኝ ነበር። ድምፅዋ ሰሌዳው ፊት እስኪወጣ ወራት ፈጅቷል። ከየት እንደምጀምር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቄ ነበር።

እናቷን ሳገኛት ይህን ነገርኳት። ምንም አልደነቃትም። «መደቡን እኮ የምትሠራው እሷ ናት መምህርት፤ እኔ መልስ ሲምታታብኝ የምጠይቀው እሷን ነው» አለችኝ። ወላጆቻችን ስለ ልጆቻቸው የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ፤ «ልጅዎ እቤት ውስጥ ምን ሥራ ያግዛል?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ግን አላገኙም። እኔ በምዝገባ ጊዜ ከልደት ቀኑ ቀጥዬ ይህን እጠይቃለሁ። ጥጃ የሚያግድ፣ ኩበት የሚጠፈጥፍ፣ ታናሹን የሚያዝል፣ ከአባቱ ጋር በጋሪ የሚሄድ ልጅ እያንዳንዱ የራሱን ዕውቀት ይዞ ነው የሚመጣው።

አጻጻፉን በሚመለከት ጥብቅ የምሆንበት አንድ ጉዳይ አለ። ደብተሩ ላይ «ረባሽ»፣ «ሰነፍ»፣ «ጎበዝ»፣ «አይናፋር» የሚሉ ቃላት አይገቡም። እነዚህ ቃላት የመምህሩን ስሜት እንጂ የልጁን ሥራ አይናገሩም፤ አንዴ ከተጻፉም ልጁን ተከትለውት ይሄዳሉ። «ዛሬ ረበሸ» ከማለት «የጓደኛውን የካርቶን ሣጥን ወሰደ፤ ሲጠየቅ ቤቱ በር የለውም አለ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ወደ ቅጣት ይመራል። ሁለተኛው ደግሞ ለነገ ተጨማሪ ካርቶን ማምጣት እንዳለብኝ ይነግረኛል። ልጁ የተናገረውን በራሱ አነጋገር፣ ስሕተቱንም ሳታርሙ ጻፉት። ልጆች «አመጣሁ» ለማለት «መጣሁት» ሲሉ ወይም ሁሉንም ነገር በአንድ ጾታ ሲጠሩ እንኳ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ያ ሥርዓት የሚታየው ግን ቃሉ እንዳለ ከተቀመጠ ብቻ ነው። በተጨማሪ ልጁ በእጁ ምን ይዞ እንደነበርና ከማን ጋር እንደነበር ጨምሩበት። ተራ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እኔ ለእያንዳንዱ ልጅ የተወሰኑ ገጾች ከፍዬ፣ ቀኑን አናት ላይ እጽፋለሁ።

ፊደል የማስተምርበት መንገድ የተለወጠውም በዚሁ ደብተር ነው። ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚያወርድ ልጅ ፊደል ያውቃል ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የማናውቀው በመካከል ምን እንደሚያደርግ ነው። አንድ ልጅ ላይ ትኩር ብዬ አየሁ። «ሹ» የምትለዋን ስጠቁመው ዓይኑን ከፊደሏ ላይ ነቅሎ ወደ ጣራው ያያል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ በትክክል ይመልሳል። ጠጋ ብዬ ስሰማው ከ«ሀ» ጀምሮ በሹክሹክታ እየወረደ ነው፤ ሸ ቤት ሲደርስ ይቆማል፣ ቀጥሎ በጣቱ ይቆጥራል። መልሱ ትክክል ቢሆንም ያገኘው ፊደሏን አይቶ አይደለም። ፈተና ብሰጠው ሙሉ ያገኝ ነበር፤ ከንፈሩን ባላይ ኖሮ ማንበብ ሲጀምር ለምን እንደተቸገረ ማንም አይገባውም ነበር።

ሌላ ጊዜ የዝሆንና የጉንዳን ሥዕል ለጥፌ ስማቸውን ከሥር ጻፍኩ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ተቀያይሯል!» አለ። ምኑ ሲባል፣ «ዝሆን ትልቅ ነው፣ ሦስት ፊደል አይበቃውም። ጉንዳን ትንሽ ናት፣ አራት ምን ያደርግላታል?» አለ። ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ደገፈው። ላም ሁለት ብቻ መሆኗን፣ ቢራቢሮ አራት መሆኗን ስጨምርላቸው ክርክሩ ባሰ። እኔ መልሱን አልሰጠሁም። «እንዴት እንወቅ?» ብቻ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ቃሉን እየጎተተች «ጉ… ን… ዳ… ን» ብላ አራት ጣቶቿን አጠፈች፤ «ዝ… ሆ… ን» ብላ ሦስት። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «የምንጽፈው እኮ ዝሆኑን አይደለም። ዝሆን ስንል ነው።»

ይህን በሌላ አገር የታዘበ ሰው አለ። በአርጀንቲና ተወልደው በሜክሲኮ የሠሩት ኤሚሊያ ፌሬሮ፣ የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ የዣን ፒያዤ ተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማንበብ ያልጀመሩ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆችን እያነጋገሩ ሲያጠኑ፣ ልጆቹ ትልቅ ነገር ብዙ ፊደል፣ ትንሽ ነገር ጥቂት ፊደል እንደሚገባው አድርገው እንደሚያስቡ ደረሱበት። ይህ ስንፍና አይደለም። ልጁ ጽሕፈት ምን እንደሚወክል ራሱን እየጠየቀ ነው፤ የመጀመሪያ መልሱ ጽሕፈት ዕቃውን ይወክላል የሚል ነው፣ ቀጣዩ ደግሞ ድምፁን ይወክላል ወደሚለው ይሻገራል። የእኛ ፊደል ተነባቢውን ከነአናባቢው በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ ቃልን እየጎተቱ ጣት ማጠፍ ለልጆቻችን ቅርብ መንገድ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አዲስ ቃል ከመጻፌ በፊት «ስንት ፊደል ይፈልጋል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ልጆቹ ጎትተው ይቆጥራሉ፣ ከዚያ እጽፈዋለሁ። የሚገምቱት ቁጥርም ማን የት እንደደረሰ ያሳየኛል።

ካዕብና ሳልስን ያስተማረኝም ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን አሸዋ ላይ እየጻፉ ሳለ አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ «ቡ እጇን ዘርግታለች፤ ቢ ጫማ አድርጋለች፤ ቤ ጫማዋ ክብ ነው» ስትል ሰማሁ። ሰሌዳው ላይ ለ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ከ ጻፍኩና «እነዚህም እጅና ጫማ አላቸው ወይ? ፈልጉ» አልኳቸው። ሉ፣ ሱ፣ ቱ፣ ኩ ሁሉም እጅ አላቸው፤ ሊ፣ ሲ፣ ቲ፣ ኪ ሁሉም ጫማ አላቸው። ከዚያ በኋላ ያልተማሯቸውን ፊደላት ራሳቸው መገመት ጀመሩ። ሩ ላይ ሲደርሱ ተጣሉ፤ «እጇ የታለ?» ፉም እንደዚያው፣ ምልክቷ ከወገብ ሳይሆን ከታች ነው። ሩና ፉን «እምቢተኞቹ» ብለው ስም አወጡላቸው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልረሷቸው ፊደላት ቢኖሩ እነዚህ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም መምሪያ ላይ አላነበብኩም። በየክፍላችሁ ሌላ ልጅ ሌላ ነገር ታያለች፤ የእኔን ልጅ እጅና ጫማ ወስዳችሁ ከማስተማር የእናንተ ልጆች ምን እንደሚሉ ብትሰሙ እመርጣለሁ።

ስለ ጥያቄ አጠያየቅ ደግሞ ልንገራችሁ። ስድስት ቆርኪ በአንድ ረድፍ፣ ስድስት ቆርኪ ከሥሩ ትደረድራላችሁ። እኩል ናቸው ወይ? አዎ። ከዚያ አንዱን ረድፍ አራርቃችሁ «አሁንስ?» ስትሉ፣ የዚህ ዕድሜ ልጅ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ይበዛል ይላል። ፒያዤ ይህን አይቶ ልጆች እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ብዛት በቦታ ለውጥ እንደማይለወጥ አይረዱም አለ። ቆይቶ በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ፣ ጄምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን ያንኑ ሙከራ በትንሽ ለውጥ ደገሙት። ቆርኪውን የሚያራርቀው አጥኚው ሳይሆን ጨዋታ የሚያበላሽ ባለጌ የድብ አሻንጉሊት ሆነ። በዚህ ጊዜ እኩል ናቸው ብለው የሚመልሱት ልጆች በጣም በረከቱ። ምክንያቱን ማሰብ አያዳግትም። አዋቂ ሰው ሆን ብሎ አንድ ነገር ለውጦ ያንኑ ጥያቄ ከደገመ፣ ልጁ መልሱም እንዲለወጥ ተፈልጓል ብሎ ይገምታል።

ይህ ለእኛ ልጆች እጥፍ ይሠራል። ታላቅን ማክበር ተምረው ያደጉ ናቸውና መምህሯ «እርግጠኛ ነህ?» ስትል ትክክለኛውን መልስ ትተው ሌላ ይፈልጋሉ። ሞክሩት፤ ትክክል የመለሰ ልጅ ላይ ፊታችሁን ሳትለውጡ «እርግጠኛ ነህ?» በሉና ተመልከቱ። ስለዚህ እኔ ለትክክሉም ለስሕተቱም መልስ የምጠይቀው አንድ ነው፦ «እንዴት አወቅህ?» መጀመሪያ ሰሞን ግራ ይጋባሉ። ሲለምዱት ግን ሳይጠየቁ «ምክንያቱም» ብለው ይቀጥላሉ። ከዚያም እጠብቃለሁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በክፍል ውስጥ የተቀዱ ድምፆችን ሲመረምሩ፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት ይናገራሉ፣ ልጆች ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ልጅ ፊታችሁ ቆሞ ዝም ሲል ግን እጅግ ረጅም ነው። እኔ በሆዴ የእያንዳንዱን ቀን ስም እየጠራሁ እጠብቃለሁ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ…

ዓርብ ከሰዓት በፊት የተረት ሰዓት አለን። አንድ ልጅ ከፊቴ ይቀመጣል፣ እኔ «ተረት ተረት» እላለሁ፣ ክፍሉ «የላም በረት» ይላል፣ ልጁ የፈለገውን ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ሳነበው ሌሎቹ ተነሥተው ይሠሩታል። ይህን አሠራር በሰፊው ያሳወቁት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ሕፃናትን ያስተማሩት ቪቪያን ጋሲን ፔሊ (እ.ኤ.አ. 1929–2019) ናቸው፤ የልጆቻቸውን ንግግር በቴፕ እየቀዱ ማታ ማታ ያዳምጡ ነበር። የእኔ ክፍል አንድ ተረት ይኸውላችሁ፦ «ጅብ መጣ። እማዬ በሩን ዘጋች። ጅቡ አልሄደም። በረደው። ብርድ ልብስ ሰጠነው። ሄደ።»

ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ብርዳም ከተማ የሚያድግ ልጅ ተረት ነው። ሲሠሩት ግን ጅብ የሆነው ልጅ «ጅብ ፀጉር አለው፣ አይበርደውም» ብሎ ብርድ ልብሱን አልቀበልም አለ። ባለ ተረቱ ተቆጣ፤ «ሌሊት የሚጮኸው ስለበረደው ነው!» ሌላዋ «በግም ፀጉር አለው፣ ግን ክረምት ይንቀጠቀጣል» አለች። የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርታችን ከዚህ ወጣ። የተሸለተ የበግ ፀጉር አምጥተን ነካነው፣ ውኃ አፈሰስንበት፣ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ በሱፍ፣ አንዱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለን የቱ ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ በእጃችን ዳሰስን። ፋብሪካ የሚሠራ አንድ አባት መጥቶ ሱፍ እንዴት ክር እንደሚሆን አሳየን። የአካባቢ ሳይንስ ዕቅዴ ላይ «አልባሳት» የሚል ርዕስ ነበረ፣ መድረሻው ግን ወር ቀርቶት ነበር። ልጆቹ ጥያቄውን ይዘው ሲመጡ ርዕሱን ወደፊት ሳብኩት። ዕቅድ ማለት ከነጭራሹ መጣል የለበትም፤ ምን መድረስ እንዳለባቸው ዕቅዱ ይነግረኛል፣ መቼና በምን በር እንደምንገባ ልጆቹ ይነግሩኛል።

«ሃምሳ ልጅ ይዤ እንዴት ልጻፍ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የእኔም ክፍል ከዚያ አይተናነስም። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሞክሩ። በቀን ለሦስት ወይም ለአራት ልጆች ስም ይዤ እገባለሁ፤ እነዚያን ብቻ እከታተላለሁ፣ ሌላ የሚያስገርም ነገር ከሰማሁ እጨምራለሁ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ሳገላብጥ ባዶ ገጽ ያላቸው ይታያሉ። እነዚህ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልጆች ናቸው፤ የማይጮኹ፣ የማይጣሉ፣ በጣም ጎበዝም ደካማም ያልሆኑ፣ መካከለኛው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ። ወላጅም መምህርም «ጨዋ ልጅ» ብሎ ያመሰገናቸው ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የምጀምረው ከእነሱ ነው። በፖሊሲው ውስጥ ያለው የልጅ ለልጅ መርሐ ግብርም ይረዳል። ከፍ ካሉት ክፍሎች የሚመጡ ተማሪዎች ከትንንሾቹ ጋር ሲጫወቱ እኔ ነፃ እሆናለሁ፤ ለእኔ የማይነገረውም ለእነሱ ይነገራል። በስልክ መቅዳትም ይቻላል፤ የተቀዳው ድምፅ ግን ለራሳችሁ ትምህርት ብቻ ነው። ወላጅ ይወቅ፣ ከሰማችሁት በኋላም ይጥፋ። የልጅን ድምፅም ሆነ ምስል ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ምንም ምክንያት አያሳምረውም።

አንዳንዴ ደብተሩ የሚያሳየው ነገር ከትምህርት ይልቅ ለጤና ይቀርባል። ስለ አንድ ልጅ በተለያዩ ቀናት የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ከኋላው ጠራሁት፣ አልዞረም።» «ጓደኛው ሲያወራ አፉን አፉን ያያል።» «መዝሙሩን ከሌሎቹ ዘግይቶ ይጀምራል።» እያንዳንዱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ትኩረት ያጣ ልጅ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ ሳነባቸው ግን እናቱን ጠርቼ ጆሮውን እንድታሳይ ነገርኳት። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮው ፈሳሽ እንደሚያወጣ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብላ እንደተወችው አጫወተችኝ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ታከመ፤ እኔም ከፊት አስቀመጥኩት። መግል የሚያወጣ ጆሮ ሲያድግ የሚተው ነገር አይደለም፣ ካልታከመ መስማትን ይቀንሳል። ከኋላው ተጠርቶ የማይዞር ልጅ ካላችሁ ከመቅጣታችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩ።

ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ይህን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ፈሊጥ የሚያዩት አሉ። አንድ ታላቅ መምህር «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው ተርተውብኛል። እሳቸውን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ልጅን አንድ በአንድ መስማት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ሰሌዳ አልነበራቸውም። እያንዳንዳችን ተራ በተራ ፊታቸው ቀርበን፣ በስንደዶ ፊደሉን እየነካን እንቆጥራለን፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የቱ ልጅ የት ላይ እንደሚሰናከል፣ ማን ወደ ንባብ እንደሚሻገር፣ ማን አንድ ሳምንት እዚያው መቆየት እንዳለበት የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። ዓይነ ስውር ሆነው ዜማና ቅኔ ያስተማሩ፣ የተማሪውን ስሕተት ከድምፁ የሚለዩ መምህራን ያፈራ ባህል ነው ያለን። የየኔታ ጆሮ የሚፈልገው ልጁ የተሰጠውን በትክክል መመለሱን ነበር፤ እኔ የምጨምርበት ልጁ ያልተሰጠውን፣ ከራሱ ያመጣውንም መስማት ነው።

ከወላጅ በኩል የሚመጣው ጫና ሌላ ነው። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል ልጁ «ተጫወትን» ይላል፣ አባትየው በማግስቱ ይመጣል። የጎረቤት ልጅ የእንግሊዝኛ ፊደል ሙሉ ደብተር ጽፏል፣ የእሱ ልጅ ግን ተጫውቷል። እንዲህ ያለውን አባት በንድፈ ሐሳብ መመለስ አይቻልም፤ የልጁን ገጽ አውጥቼ አነብለታለሁ። ልጁ የተናገረውን በራሱ ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜም «ይህንን እኮ እቤትም ይላል» ብሎ የማላውቀውን ይጨምርልኛል። ያንንም እጽፋለሁ።

ልጆች «ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት» ሲጫወቱ አትለፏቸው። በእኛ ክፍል ዱላ የለም። ልጆቹ ግን ሲጫወቱ መምህር የሆነችው ልጅ ቀጭን እንጨት ይዛ «ዝም በሉ! እጅ ወደ ላይ! አንደኛ ክፍል እንዲህ አይደለም፣ እዚያ ይገረፋል!» ትላለች። ከታላላቅ ወንድምና እኅቶቻቸው የሰሙት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሚያለቅሱ፣ ሆዳቸውን የሚያማቸው፣ «እዚሁ ልቅር» የሚሉ ልጆች የሚበዙት ለምን እንደሆነ ከዚህ ጨዋታ ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ሆነው አንደኛ ክፍል ይጎበኛሉ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ መምህሩን ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ሁልጊዜ መጸዳጃ ቤት መሄድ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው። ይህን ያልመለሰላቸው መምህር ሌላውን ሁሉ ቢነግራቸው አይሰሙትም።

ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን እንዳለ ለሌላ ሰው አልሰጥም። ልጆች የቤታቸውን ጠብ፣ ዕዳ፣ የአባታቸውን መጠጥ ሁሉ ይናገራሉ፤ ይህ ለእኔ የታመነ ነውና አሳልፌ አልሰጠውም። ልጁ ላይ ጉዳት የሚያመለክት ነገር ከሰማሁ ግን ዝም አልልም፤ ለርዕሰ መምህሩና ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው የማሳውቀው። ለአንደኛ ክፍል መምህሩ የማስተላልፈው በልጅ ግማሽ ገጽ ነው። ምን በእጁ ሲይዝ እንደሚናገር፣ ፊደል የት እንደደረሰና እንዴት እንደሚያገኘው፣ ከማን ጎን ሲቀመጥ እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ጆሮውና ዓይኑ ደህና መሆናቸውን እጽፍበታለሁ። ውጤትና ደረጃ አልጽፍም። መስከረም ላይ ክፍል ሲመደብ መምህሩ የስም ዝርዝሩን ሲረከብ አብሮ እሰጠዋለሁ፤ ጥቅምት ውስጥ ደግሞ ሄጄ፣ ከጻፍኩት የቱ ልክ እንደሆነ፣ የቱ እንደተለወጠ እጠይቀዋለሁ።